ወደ ቡሬ ስንሄድ የጋለው ሞተር

ለማትወዱት ወንድም ቀብር ለመድረስ ቸኩላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቸኩያለሁ።

በሰው አገር በኖርኩበት ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ "አለሽ ወይ?" ያላለኝ ወንድሜ ሞተ። አፈር ሲለብስ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ፣ ከፍኖተ ሰላም ከለቀስተኞች ጋር በሚኒባስ ወደ ቡሬ ተነሣሁ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ጋለ። ሹፌሩ ውሃ ጨመረበት። ጥቂት ሄደን እንደገና ጋለ። በሦስተኛው እኔም ወረድኩ፤ አሮጌ መኪናዬን ራሴ ስጠግን ነው ያረጀሁት።

"ውሃው ሙሉ ነው፣ ማራገቢያውም ይዞራል" አለ ሹፌሩ። "ምን እንደነካው እንጃ፣ እትዬ።"

ዞሬ ከፊት አየሁት። በትልቅ ሸራ የታተመ የወንድሜ ፎቶ አየር የሚገባበትን የራዲያተሩን ፊት ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ይስቃል።

"ይሄን አውርዱት፤ አየር ከልክሏል።"

ፎቶውን ያሳተመው የሚስቱ ወንድም መኪናው ፊት ተገተረ። "ኧረ እትዬ! በቁሙ የጠሉት አይበቃዎትም?"

"አሁን የጠላው ሞተሩ ነው" አልኩት።

ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሸራው ተፈታ፣ ሞተሩም በረደ። ማስቀመጫ ስለጠፋ ጭኔ ላይ ዘረጉልኝ፤ ቡሬ እስክንገባ እያየኝ ሳቀ።

ስንደርስ ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ እጁን ይታጠባል።

ወንድሜንም፣ የሚስቱን ወንድምም፣ ሸራውን ያሰረውን ሹፌርም ይቅር አልልም።