ጨዋ በጣልያንኛ

እህቴ ጣልያን አገር አንዲት አሮጊት ሴትዮ ትንከባከባለች። ዓርብ ዓርብ፣ አባታችን ከጁምዓ ሲመለሱ፣ በቪዲዮ ትደውላለች። አማርኛዋ አልጠፋባትም፤ ግን ልክ ዋናው ቃል ላይ ስትደርስ ጣልያንኛው ይቀድማታል። ያን ቀንም የደረሰችው ዋናው ቃል ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ሽማግሌ ሊመጣልዎ ነው። የልጁ ወገኖች የደጎሎ ናቸው፤ እሱ እዚህ ነው ያለው። በጣም ኤዱካቶ ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። ባለቤቴ ወረዳ ቢሮ የሚሠራ፣ ዲግሪ ያለው ሰው ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ እሱ የማያብራራው ነገር የለም። «የተማረ ነው ማለቷ ነው፤ እንግሊዝኛውም ኤዱኬትድ ነው» አላቸው። ኔትወርኩ ተቋረጠና ቃሉ በዚያው ጸደቀ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርዓን ሲያስቀሩ፣ ልጆች ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዒልም ያለው፣ የተማረ ሰው ቤታቸው ሊገባ ነው ሲባል ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው፤ መስጊድ በር ላይ ላገኙት ሁሉ ተናገሩ። ጎረቤቶቻችን «ዶክተር ነው ወይስ ኢንጂነር?» እያሉ ይጠይቁን ጀመር። ባለቤቴ «ማስተርስ ሳይኖረው አይቀርም» ይላቸዋል። ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ሽማግሌዎቹ ከደጎሎ በሚኒባስ መጡ፤ ሁለቱ የልጁ አጎቶች፣ ሦስተኛው ጎረቤታቸው የሆኑ መሪጌታ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ አባቴ ጠየቁ።

«ለመሆኑ ልጁ የተማረው ምንድን ነው?»

አጎቶቹ ተያዩ። ታላቅየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወላሂ ሸኽ፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ነው የሄደው። እዚያ ግድግዳ ይቀባል።»

አባቴ የሚቆጡ ሰው አይደሉም። «ቀለም መቀባት ነውር የለውም» አሉ ረጋ ብለው። «ልጄ ግን ዋሽታኛለች። በውሸት የተጀመረ ኒካህ ላይ ዱዓ አላደርግም።»

ያለ እሳቸው ዱዓ እህቴ እንደማታገባ ሁላችንም እናውቃለን። ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የምትንከባከባቸው ሴትዮ ተኝተው ስለነበር እህቴ በሹክሹክታ አነሳች።

«ኤዱካቶ ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ጨዋ ነዋ! ምን ሆነሻል?»

ከዚያም ሴትዮዋ ያስተማሯትን ትነግረኝ ጀመር። ደግና ትሑት ለሆነው ጄንቲሌ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ለሆነው ጋርባቶ፣ ቃሉን ለማያጥፈው ጋላንቱዎሞ ይላሉ። የተማረው ሌላ ነው፤ እሱን ኢስትሩይቶ ይሉታል። «የኔው ግን ኢስትሩይቶ አይደለም» ብላ ሳቀች። ሳሎን ውስጥ ምን እየተባለ እንደሆነ ብታውቅ አትስቅም ነበር።

«ጨዋነቱን በምን አወቅሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ስናገር እስክጨርስ ይጠብቀኛል» አለችኝ።

ቀናሁባት። ሌላ ስም የለውም፣ ቀናሁባት።

ተመልሼ መናገር ስጀምር ባለቤቴ «ቃሉ እኮ ከላቲን የመጣ ስለሆነ…» ብሎ ገባ። አባቴ እጃቸውን አነሱ። «ትጨርስ» አሉ። እኔም ጨረስኩ፤ ስትናገር ይጠብቃታል የሚለውንም ጭምር ነገርኳቸው።

መሪጌታው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ሳቁ። «ሸኽ፣ በኛ በቤተ ክህነት እኮ ጨዋ የሚባለው ያልተማረው ነው! ልጁ በየትም በኩል ቢመጡበት ጨዋ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መጨረሻ ላይ የሳቁት አባቴ ናቸው። «እንግዲያው ልጄ አልዋሸችኝም» ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። መሪጌታውም ከሁሉም ጋር «አሚን» አሉ።

ከምሳ በኋላ ባለቤቴ እንግዶቹን እስከ መናኸሪያ ሊሸኝ ወጣ። መንገድ ላይ ስለ ላቲን ሳይነግራቸው እንዳልቀረ እገምታለሁ። እኔ ሳህን ሳነሳሳ አባቴ ከተቀመጡበት ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ያንቺውስ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የተማረ ነው» አልኳቸው።