ከመሳለሚያው በታች ያለው የእግር መንገድ

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም፤ ብርድ ነበር። ቀኝ እግሬ ከጉልበቱ በታች ውሃ ውስጥ የነከርሁት ያህል በረደኝ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ ደረቅ ወይራ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ሕመሙ ከሁሉ ኋላ ነው የደረሰ። ይህን የምጽፈው አጥንቱ ለተሰበረ፣ ቁስሉ ላመረቀዘ፣ ደግሞም ምክር የማይሰማ ሰው ለሚጦር ነው። ከሦስቱ የሚብሰው የመጨረሻው ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሰፈራችን ማርያም መጀመሪያ የምትታይበት አንድ ኩርባ አለ። እዚያ ከጥንት ጀምሮ መሳለሚያ ድንጋይ ነበረ። አላፊ አግዳሚው ይቆማል፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ መልሶ ያማትባል፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ስሞ ያልፋል። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ የካሚዮን መንገድ ቆረጠ፤ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል በዚያው ኩርባ ላይ አሳለፈው። ድንጋዩን ነቅለው ወደ ታች ወረወሩት። ሰዉ ግን ድንጋዩ ኖረ አልኖረ ቦታውን ያውቀዋል። እንደ ድሮው ይቆማል፤ አሁን የሚቆመው ግን መንገዱ መኻል ነው፣ ጀርባውን ለካሚዮን ሰጥቶ። ካሚዮኖቹ ደግሞ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር እያጠፉ ስለሚመጡ ድምፃቸው አይሰማም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእኛ ነበር።

የእናቴ ዓይን በትራኮማ ከጠፋ ቆይቷል። ጧት ጧት እጇን ይዤ ማርያም የማደርሳት እኔ ነበርሁ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ድቁና ተቀብያለሁ፤ በኋላ ሞፈር ይሻለኛል ብዬ ገበሬ ሆንሁ። የዚያን ዕለት ኩርባው ላይ ስንደርስ እንደ ልማዳችን ቆመን ጎንበስ አልን። ቀና ስል ካሚዮኑ ላያችን ላይ ነበር። እናቴን ወደ ቦዩ ገፋኋት። እግሬን ረሳሁት።

ካሚዮኑ አልቆመም። እናቴ ከቦዩ ሆና «ምን ሆነህ ነው ሳልጨርስ የምትገፋኝ?» ብላ ተቆጣች።

ወጌሻው መጣ። አጥንቱን ሳበ፣ ገጠመ፣ በቀርከሃ ቀጥ አድርጎ አሰረ። ሥራውን አልነቅፍም፤ አጥንቱን የገጠመው እሱ ነው። ግን አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጥቶ ነበር። የተከፈተ ቁስል ላይ ቅቤ ቀብቶ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ መጣ። ጣቶቼ አበጡ። ጠቆሩ። ሸተቱ። ጠያቂ ቤቱን ሞላው። አንዱ ጠበል፣ አንዱ የዳማከሴ ጭማቂ፣ አንዱ የፍየል ሞራ አለ። ሌላው ደግሞ እንደ እኔ ተሰብሮ የሞተውን የአጎቱን ታሪክ ከመነሻው እስከ ተዝካሩ ነገረኝ። ጠያቂ ሆይ፣ ስትመጣ የሞተ ሰው ታሪክ ይዘህ አትምጣ።

በመጨረሻ የሰፈሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ታቦር ወሰዱኝ። የነበረው ሐኪም የጣሊያን ጦር ሐኪም ብቻ ነው። እግሬን የሰበረ ጣሊያን፣ እግሬን የሚያክም ጣሊያን። የመንደሩ ሰው ግማሹ አዘነልኝ፣ ግማሹ ባንዳ ሊሆን ነው ብሎ አማኝ። እኔ ለሁለቱም ጉልበት አልነበረኝም።

ሐኪሙ ማሰሪያውን ፈትቶ አየ። አሸተተ። በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለኝ።

«ጋንግሪን፣ የሥጋ መበስበስ፣ ሊጀምርህ ነው። ነገ መጥተህ ቢሆን ከጉልበትህ እቆርጠው ነበር።»

ቀደደው። መግሉ ወጣ። ፐርማንጋናት በሚሉት ሐምራዊ የቁስል ማጠቢያ አጠበው። ጮኽሁ። እንደገና አጠበው። የሞተውን ሥጋ በመቀስ አነሣ። በኋላ እግሬን በጄሶ ገነዘው፤ ቁስሉ ባለበት በኩል ግን ጄሶውን እንደ መስኮት ቆርጦ ክፍት ተወው፣ እንዲታጠብ። «ጋንግሪኑ አልፎሃል፤ የቀረው ትዕግሥት ነው» አለ። ትዕግሥት የሚሸጥበት ገበያ ግን አልነገረኝም።

አስተርጓሚው ኪዳነ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው፤ የሐኪሙም ረዳት እሱ ነበር። ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ቁስሉን ለማጠብ በቢስክሌት ይመጣልኝ ነበር። መልካም ሰው ነው፤ እጁ ቀላል፣ ወሬው አጭር። አንድ ቀን ግን ፊቱ ገርጥቶ ገባ።

«ኩርባው ላይ አንዲት አሮጊት ልገጭ ነበር» አለ። «መኻል መንገድ ላይ ተደፍተው። ነጠላቸውን ነክቼው አለፍሁ። ምንም አልሰሙኝም።»

ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔ ተኝቼ ሳለ እናቴ ያለ እኔ፣ በዱላዋ እየዳበሰች፣ በዚያው መንገድ ትመላለስ ነበር። ከእሷም ጋር ሌሎች ዓይነ ስውራንና አቅመ ደካሞች ተከታትለው ይሄዳሉ።

«እማዬ፣ ቢያንስ ኩርባው ላይ አትቁሚ» አልኋት።

«እመቤቴን ሳልሳለም ልለፋት?»

«ቤት ሆነሽ ተሳለሚ።»

«አንተን ካሚዮን የመታህ ስላልጨረስህ ነው። ጸሎት በመኻል አይቋረጥም።»

ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ የእኛን ቤት መከራው ራሱ መክሮን አልሰማንም። እኔ አልጋ ላይ ተቸንክሬ በር በሩን አያለሁ። በሕይወቴ ከዚያ የከፋ ሕመም አላውቅም፤ ፐርማንጋናቱም አይደርስበትም። ጧት ከወጣች እስክትመለስ ድረስ ጆሮዬ ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ለኪዳነ ነገርሁት። ብልህ ሐሳብ መጣልኝ ብዬም «ኩርባው ላይ ስትደርስ የቢስክሌትህን ቃጭል አቃጭል፤ ለካሚዮን ነጂዎችም ጥሩምባ እንዲነፉ ንገርልኝ» አልሁት። ነጂዎቹ ሳቁበት። እሱ ግን ቃሉን ጠብቆ አቃጨለ።

ይሄኔ ነው ነገሩ የባሰው። በእኛ አገር ለሞት ለቀረበ በሽተኛ ቅዱስ ቁርባን ወደ ቤቱ ሲሄድ ዲያቆን ከፊት ከፊት ቃጭል እያሰማ ያልፋል፤ የሰማ ሁሉ ካለበት ወድቆ ይሰግዳል። ኪዳነ ቃጭሉን ሲመታ እናቴና ጓደኞቿ መንገዱ መኻል ተራ በተራ ግንባራቸውን መሬት ላይ ደፉ። ቢስክሌቱ ቦይ ገባ። ኪዳነ ክርኑ ተልጦ መጣና እኔ በተኛሁበት ለራሱ ክርን ፐርማንጋናት ቀባ። እናቴ በበኩሏ «ዛሬ ማን ሊሞት ነው? ቁርባን ሲያልፍ ሰገድን» እያለች ገባች። ሳቅም ልቅሶም ያዘኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዉን ከመንገዱ ማስለወጥ አይቻልም፤ ለሰዉ ሌላ መንገድ መስጠት እንጂ። ከካሚዮኑ መንገድ ሥር የአያ ደምሴ የገብስ ማሳ አለ። በማሳው ጠርዝ ጠርዝ ለእግረኛ የሚበቃ ቀጭን መንገድ ቢወጣ፣ ማርያም ከዚያም ትታያለች፤ ካሚዮንም ቢስክሌትም አይደርስበት።

አያ ደምሴን አስጠራሁት። «ወሰኔን ስንት ዓመት ተሟግቼ ያስከበርሁትን፣ አሁን የአገሩ ዓይነ ስውር ሁሉ ይረማመድበት?» ብሎ ሄደ። መምሬ ወልዴን፣ የማርያምን ቄስ፣ ለመንሁ። «መሳለሚያ ከቦታው አይነሣም፣ የአባቶቻችን ነው» አሉኝ።

«ጣሊያን ነቅሎ ወርውሮታል እኮ፣ አባቴ።»

«እሱ ሌላ ነው» አሉ።

የጣሊያኑ ጦር ካምፕ ደግሞ ከመንገዱ ተሰውሮ የሚሄድ ቀጭን መንገድ የአርበኛ መንገድ ነው ብሎ እንደማይፈቅድ ኪዳነ ነገረኝ። ሦስቱም ጋ ያልሁት አንድ ነገር ነው፤ ደካማ ሰዎች ይሞታሉ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አልሸሹም ዞር አሉ።

መንገዱን ያስገኘልን እግሬ ነው። ጄሶው ሲወልቅ እግሬ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተላልጦ፣ የእኔ አልመስል አለኝ። ሐኪሙ እንዲህ አለ፦

«በየቀኑ ይሂድ። ግን ጠጠር ላይ አይሂድ። ለስላሳ መሬት ይፈለግለት።»

ኪዳነ ይህን ሲያስተረጉም ዓይን ዓይኔን አየኝ። ወዲያው ወደ ሐኪሙ ዞሮ በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ። ካምፑ ፈቀደ፤ ለአንድ በሽተኛ እግር። አያ ደምሴ መጥቶ ጠባሳውን ሲያይ ዕንባው መጣ፤ «ለእግርህማ ምን ገዶኝ» አለና ወሰኑን በገዛ እጁ ገፋ አደረገ። ለስንት ሰው ነፍስ ያልተገኘ መሬት ለአንድ ቅልጥም ተገኘ። አመሰገንሁ፤ በሆዴ ግን ተቃጠልሁ። ጠርዙን ሲያጸዱ የተወረወረው መሳለሚያ ድንጋይ ሣር ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ። መምሬ ወልዴ ዞር ዞር ብለው አዩትና «እንግዲህ እኛ አላነሣነው፤ ራሱ ወርዷል» ብለው እዚያው እንዲቆም ፈቀዱ።

የቀረችው እናቴ ነበረች።

«እማዬ» አልኋት፣ «ላንቺ ብዬ አይደለም። ሐኪሙ በጠጠር አትሂድ ብሎኛል። ብቻዬን ብሄድ እወድቃለሁ። በታችኛው መንገድ ደግፊኝ።»

ነጠላዋን ወዲያው አነሣች። «ምነው ቀድመህ አትነግረኝም?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት፣ እኔ በምርኩዝ፣ እሷ በዱላ፣ የገብሱን ጠርዝ ይዘን እየተደጋገፍን ስንሄድ ሌሎቹም ተከተሉን፤ ዓይን የሌለው የፊተኛውን ነጠላ ይዞ፣ ነፍሰ ጡሯ ቀስ ብላ፣ ሽማግሌው በየድንጋዩ እያረፈ፣ ከላያችን ዳገቱን የሚወጡ ካሚዮኖች እያጓሩ ሲያልፉ ማንም ቀና ብሎ ሳያያቸው። ኪዳነም ቢስክሌቱን በላይኛው መንገድ ያለ ቃጭል እየነዳ ሰላም ብሎን ያልፍ ነበር። እግሬም ቀን በቀን ሥጋ ለበሰ፣ መጀመሪያ ተረከዜ መሬት ነካ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ መታጠፍ ተማረ፣ ገብሱ ሳይታጨድ ምርኩዙን የያዝሁት ከልማድ ብቻ ሆነ። ግን አልጣልሁትም። ማንከስ ካቆምሁ እናቴ ወደ ላይኛው መንገድ እንደምትመለስ አውቃለሁና እሷ ስትኖር አነክስ ነበር፣ ማሳ ላይ ስሆን በደኅና እግሬ እሄድ ነበር።

አሁን ለታማሚውና ለአስታማሚው የምለው ይህን ነው። ቆዳ ሳይቀደድ አጥንት ከተሰበረ ወጌሻ ይበቃህ ይሆናል፤ ቆዳው ከተከፈተ ግን ሐኪም ፈልግ፣ የማንም አገር ሰው ይሁን። ጣትህ ከበረደና ከጠቆረ ማሰሪያውን አስፈታ፤ ነውር አይደለም። ለደካሞች መንገድ ስታወጣ እግራቸው የለመደውን አይተህ አውጣ፤ መሳለሚያ የሌለበት መንገድ ማንም አይሄድበትም። እምቢተኛ ሰው ካለህ ስለ ነፍሱ አትለምነው፤ ስለ ራስህ ለምነው። ኪዳነን፣ ወጌሻውን፣ ስሙን አጥርቼ መጥራት ያልቻልሁትን ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእናቴ ምስጋና ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦርን ለቆ ከወጣ በኋላ አንድ ጧት በታችኛው መንገድ ስንሄድ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሳነክስ፣ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ቆመች። ተሳለመች። ጨረሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እንዲህ አለችኝ።

«ካሚዮኑ ሄዷል አሉ። እንግዲህ ማንከሱን ተው ልጄ፤ ያልዳንህ የሚመስለኝ መስሎህ ነው? እርምጃህ ከተስተካከለ ቆይቷል፤ ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋ ጆሮዬ አለ።»

«ታውቂ ኖሯል? ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ ተከተልሽኝ?»

«አንተ ለእኔ ስታነክስ» አለች፣ «እኔ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

ምርኩዙን በአያ ደምሴ አጥር ላይ አስደገፍሁት። እጇን ያዝሁና በዚያው በታችኛው መንገድ ወደ ማርያም ሄድን።