የኸሊፋ ሟሚ ቀለም

ሀፊዛን የማያውቋት ቁጡ ናት ይላሉ። የምናውቃትም እንደዚያው እንላለን፤ እኔ ግን እወዳታለሁ።

ዳሚ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። እኔ ዳግማዊት የሰው ቤት አጸዳለሁ፤ እሷ ለቁርአን ቤት ልጆች ቀለም ትሠራለች። ከሰል ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ፣ በሙጫና በውሃ ትበጠብጠዋለች። ልጆቹ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፉበታል፤ ትምህርቱን በቃላቸው ሲይዙት ሰሌዳውን አጥበው ሌላ ይጽፋሉ።

ባሏ ኸሊፋ አስተማሪያቸው ነበር። አንድ ቀን ለምን ማርከር እንደማይገዙ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ማርከር ሟሚ አይደለም፣ እንጨቱን ይዞ ይቀራል። ስኳር ሟሚ ነው፣ ጨው ሟሚ ነው፣ የሀፊዛ ሙጫም ሟሚ ነው» አለኝ። አምና ሞተ፤ ነፍሱን ይማረው። በእጁ የጻፈበት አንድ ሰሌዳ ብቻ ቀረላት። ከአልጋዋ በላይ ሰቅላው ዝናብ በመጣ ቁጥር ላስቲክ ታለብሰው ነበር።

በዒድ ዋዜማ እሷ ገበያ ስትሄድ ቤቷን ላጽዳላት ብዬ ገባሁ። ግድግዳውን ለመወልወል የኸሊፋን ሰሌዳ አወረድኩና መታጠብ ካለባቸው የልጆቹ ሰሌዳዎች አጠገብ አስቀመጥኩት። አረብኛ አላነብ፤ ተቀላቀለብኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ ሳፋ ውስጥ ነክሬ አጠብኳቸው።

ሀፊዛ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው።

«የኸሊፋስ?»

ያኔ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እትዬ ሀፊዛ፣ አጠብኩት» አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለች። ድምጿ እምብዛም አይሰማም ነበር።

«ውሃውን ደፋሽው?»

የሰሌዳ እጣቢ የቁርአን ቃል ስላለበት እግር በሚረግጠው ቦታ እንደማይደፋ ከእሷው ተምሬአለሁ። «አልደፋሁም፣ ሳፋው ውስጥ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ እጇን እስከ አንጓዋ ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ከተተች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። አቅፌያት ይቅር በይኝ እያልኩ አለቀስኩ።

«ሟሚ ነገር እኮ አይጠፋም፣ ልጄ። እዚሁ ነው ያለው። ተነሽ፣ ከሰል አምጪ» አለችኝ።

አዲሱን ቀለም በዚያ ውሃ በጠበጠችው። ዒዱ አልፎ ልጆቹ ሲመጡ ለሁሉም አከፋፈለች። ከልጆቹ ትንሿ፣ ቢላን የምትባለው፣ ብዕሯን ብልቃጡ ውስጥ ድፍቅ ስታደርገው ሀፊዛ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘቻት።

«ቀስ በይ፣ የኔ ልጅ። የኸሊፋ እጅ አለበት።»