ምሳውን በልቶ ነበር?

የእሱን ፊት ከሚስቱ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀብቼዋለሁ፤ አስረጅቼዋለሁ፣ አሳምሜዋለሁ፣ ሁለት ጊዜም ገድዬዋለሁ። ሲናደድም ሲያፍርም ጆሮው ይቀላል እንጂ ፊቱ አይቀላም። እኔ «ጋሼ» ነው የምለው፤ እሱ ደግሞ «ቀቢዋ» ይለኛል፣ ግድግዳ የምቀባ ይመስል። ስለ እሱ ሳወራ ሐሜተኛ የሚለኝ ካለ ይበለኝ። በማወራው ነገር ውስጥ የእኔም እጅ አለበት።

አርባ ዓመት በተዋናይነት ሲሠራ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ቀረጻ ለሁለት ሰዓት ከተጠራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ «ነይ እንጂ ቀቢዋ፣ ፊቴ ሊያረጅብሽ ነው!» ይለኛል። ዋናው ተዋናይ ሆኖ ሳለ ሻይ ሲታደል ከአጃቢዎቹ ጋር ይሰለፋል። ስለ ዝና ሲጠይቁት «የማታውቀው ሰው ትከሻህን ሲመታህ ማለት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እጁ ከባድ ነው» ብሎ ያስቃቸዋል። ስለ ሥራው ሲጠይቁት ግን ቀልድ የለም። ለጀማሪዎች ሁሌም የሚነግራቸው ይህንኑ ነበር፤ «ዓይናችሁ አይረፍ። ዘበኛው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ያጣ ሰው ኪሱን እንዴት እንደሚዳብስ እዩ። ቤታችሁ ስትገቡም እዩ። ሥራችን ማየት ነው፤ ማስመሰሉ ኋላ ይመጣል።» እኔም ከጀርባ ብሩሼን እያጠብኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ቁም ነገር ይመስለኝ ነበር።

ስሙን የተከለው አንድ ፊልም ነው፤ ከፊልሙም አንድ ቃል። ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አባት ሆኖ ነበር የተጫወተው። ጉንጩን ግሪስ የቀባሁት እኔ ነኝ። ፖሊስ መጥቶ ልጁ መሞቱን ይነግረዋል። ስክሪፕቱ «ጮኾ ይወድቃል» ይላል። እሱ ግን አልጮኸም፣ አልወደቀም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፖሊሱን ትንሽ አየውና ዝግ ባለ ድምፅ «ምሳውን በልቶ ነበር?» አለው። ዳይሬክተሩ «አቁሙ» ማለቱን ረሳ። ካሜራማኑ አፍንጫውን በእጅጌው ሲጠርግ አይቻለሁ።

ፊልሙ ሲወጣ ያላለቀሰ አልነበረም። ሰው መቼም ለቅሶው ቶሎ ይሰለቸዋልና ወር ሳይሞላ ቃሉ ቀልድ ሆነ። ቡድኑ ሲሸነፍ «ምሳውን በልቶ ነበር?»። አንዱ ከሥራ ሲባረር «ምሳውን በልቶ ነበር?»። ሒሳብ ሳይከፍል ከታክሲ ለወረደ፣ እጮኛው ጥላው ለሄደችበት፣ መብራት ለጠፋበት ሰፈር ሳይቀር ይባል ነበር። ካናቴራ ላይም ታተመ።

ጋዜጠኞች ቃሉን ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት መልሱ ያው ነው፤ «ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጩኸቱ አልዋጥልህ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፊቴን ስታጠብ፣ መጣልኝ።» «ፊቴን ስታጠብ» ካለ በኋላ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የቀረጻ ልብስ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ የምናስተካክለው እሷ ጋ ነው። በሦስት ዓመት ታንሰዋለች፤ «ወንድም ጋሼ» ብላ ነው የምትጠራው። ዝምተኛ ናት። አንድ ልጅ ነበራት፣ ሞቶባታል፤ ከዚህ በላይ አላውቅም ነበር፣ ጠይቄም አላውቅም። አንድ ቀን ያጠበበችውን ሱሪ ይዛ ቀረጻ ቦታ መጣችና «ወንድም ጋሼ ሄደ እንዴ?» አለችኝ። እኔ ጥርስ የማላስከድነው ሴት ታዲያ ዝም እላለሁ? «ሄደ እትዬ፤ ግን ምሳውን በልቶ ነበር?» ብዬ ከልብስ ክፍል ልጆች ጋር በሳቅ ፈነዳን። እሷም ፈገግ አለች። ሱሪውን ሰጥታኝ ሄደች።

ባለፈው ቅዳሜ የሙያው ማኅበር አርባኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ከሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ሸለመው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ስቀባው እግሩ አላርፍ አለ።

«ፊት ወንበር ላይ እነማን አሉ?» አለኝ።

«ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ እህትህ።»

«እሷን ማን ጠራት?»

«እኔ ነኛ! ለአንድ ወንድሟ ክብር ልትቀር ኖሯል?»

ጆሮው ቀላ። ብሩሼን አስቀመጥኩ።

«ዛሬም ያንን ጥያቄ ይጠይቁኛል» አለ። «እሷ ፊት ያንን ታሪክ አላወራም።»

«የቱን? ፊቴን ስታጠብ የሚለውን? ለምን?»

«ውሸት ነዋ።»

ከዚያ ወደ መስተዋቱ ሳያይ ነገረኝ። ፊልሙ ከመቀረጹ ስምንት ወር በፊት የእህቱን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪና ገጨው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ እሱም ባለበት፣ አስተማሪው መጥቶ መሞቱን ሲነግራት እሷ አልጮኸችም። ትንሽ አየችውና «ምሳውን በልቶ ነበር?» አለችው።

«ቃሉ የእሷ ነው ቀቢዋ። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ምናልባት ያለችውን አታስታውሰው ይሆናል እያልኩ ኖርኩ። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ። ይቅር ካለችኝ እሰየው፣ ካላለችኝም አይፈረድባትም።»

እኔ እሱን አልሰማውም ነበር። ያ ሱሪ፣ ያ የእኔ ሳቅ፣ ያ ፈገግታዋ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቺ ሴት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ፣ ታክሲ ውስጥ ስትገባ፣ ልጇ የሞተባትን ቀን በቀልድ እየሰማች ነው የኖረችው። ከቀላጆቹም አንዷ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያንን ትዕይንት በስክሪን አሳዩ። ቃሉ ሲደርስ አዳራሹ እንዳለ አብሮ አለውና ሳቀ። እኔ ከመድረኩ ጎን መጋረጃ ሥር ሆኜ የማየው እሷን ነበር። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አስተዋዋቂው የማይቀረውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ቃሉ የእኔ አይደለም» አለ ጋሼ። ሁሉንም ተናገረ፤ ኮሪደሩን፣ አስተማሪውን፣ የሞተውን ልጅ፣ ሦስት ቀን አልተኛሁም የሚለውን ውሸት። «የእህቴን ሐዘን ሰርቄ እናንተን አሳቅኩበት» ሲል እንባው ወረደ።

እኔ እንባውን አውቀዋለሁ። እናታቸው የሞቱ ጊዜ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ አፉ ይጣመማል፣ አፍንጫው ይዝረከረካል፣ ፊቱን ይሸፍናል። መድረኩ ላይ ግን ፊቱን አልሸፈነም። የቆመበት ቦታ ጨለም ያለ ነበር። «የእህቴን» ከማለቱ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደና መብራቱ ውስጥ ገባ። አገጩን ትንሽ ቀና አደረገ። እንባው ዝግጅቱን በሚቀርጸው ካሜራ በኩል ባለው ጉንጩ ላይ ብቻ ወረደ።

ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። «ምን ዓይነት ትሑት ሰው ነው!» የሚሉ ሰማሁ። እሱም እጅ ነሣ። እጅ ነሥቶ ቀና ሲል ነው ያልተነሣች አንዲት ሴት መኖሯን ያየው። ጆሮው እንደ ፍም ሆነ።

ክፍሉ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተዘረጋ።

«አየሽኝ?»

«አየሁህ ጋሼ።»

«ወደ መብራቱ ሄድኩ አይደል?»

«ሄድክ።»

«ሳላስበው ነው» አለና አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ልጠይቅ ወጥቼ ትወና ሠርቼ ገባሁ። አያሳፍርም?»

ያሳፍራል። እኔም አፍሬለታለሁ፤ ግን በየትኛው አፌ እናገራለሁ? ጥጥ ሳነክር እህቱ ገባች። ልወጣ ስል «ተይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ራሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ይቅር በይኝ እህት ዓለም» አላት።

«በቃሉ ነው? ቃሉንስ ተወው» አለች። «ያልኩትን መች ረሳሁት? መጀመሪያ ሆዴ ተቃጥሎ ነበር። ሰፈር ለመቀየር ሁሉ አስቤያለሁ። ኋላ ግን አገሩ ሁሉ የልጄን ምሳ ይጠይቅልኛል ብዬ ተውኩት። ሳያውቁትም ቢሆን ይጠይቁለት። የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው።»

ቦርሳዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ሁሉም ፊቱን አዞረብኝ። አስተማሪው መሬት መሬት ያያል፣ ነርሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዓይንህን ከእኔ ላይ ያልነቀልከው አንተ ብቻ ነህ። እኔ አንተን እያየሁ ነው የቆምኩት። ወንድሜ በዓይኑ ይዞኛል ብዬ ነው ያልወደቅኩት። ሰው እንዴት ቻልሽው ሲለኝ ይህንኑ ነበር የምናገረው። ዛሬ ያንን ስትናገር ሳይህ ጥርጣሬ ገባኝ። እውነቱን ንገረኝ ወንድም ጋሼ፤ ያኔ ስታየኝ እየያዝከኝ ነበር፣ ወይስ እየተማርክ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። አርባ ዓመት የኖረበት ነው፤ ብትጠረጥርም ባመነችው ነበር። እኔ በልቤ ዋሻት፣ ዋሻት እንጂ፣ እያልኩ ነበር። እሱ ጫማዋን አየ።

«እየተማርኩ ነበር» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና በሩን ከፈተች።

«ለካ ያን ቀን ብቻዬን ነበር የቆምኩት» አለች።