እሺ አሰኚዋ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «እሺ አሰኚዋ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በቀልድ ነው፤ እሷ ግን አልጠላችውም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት፤ ሌላው ሞክሮ ያቃተውን በር የምታንኳኳ ማለት ነው። አልታከምም ያለው በሽተኛ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረው አባት፣ ከጎረቤቱ የተኳረፈው ሁሉ ወደ እሷ ይመራል። የቀረበላትን ትጠጣለች፣ ስለ ወገብ ሕመም ታወራለች፣ ስትወጣ ሰውየው እሺ ብሏል። አፏ ይጣፍጣል፤ ይህን የማይመሰክርላት የለም።

ስለ ሰብዓዊ መብትም አሳምራ ታውቃለች። ለአዲስ ሠራተኞች ሥልጠና የምትሰጠው እሷ ናት። ሰው በራሱ ጉዳይ ራሱ ይወስናል፣ ባለሙያው አጋዥ እንጂ ወሳኝ አይደለም እያለች ጠዋቱን ሙሉ ታስተምራለች። ከዚያ ሻይ ይጠጣና መብት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይቀራል። ክፉ ሆና እንዳይመስላችሁ። ሥራ ይበዛል፣ አለቃ ይጨቀጭቃል፣ ሰው እሺ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ተዘጋ ነው።

አንድ ጊዜ የአንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ጉዳይ ደረሳት። ሴትዮዋ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሰፈሩ ሰው ሱሪ የሚያሳጥረው፣ ዚፕ የሚያስቀይረው እሳቸው ዘንድ ነው። በቅርቡ ደረጃ ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ነበር፤ እጁ ድኗል፣ ልጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። እናም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቦታ አገኘላቸው። አንዴ ከገቡ ክፍሏ ለአከራዩ ትመለሳለች፤ ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ መመለስ የለም።

እሺ አሰኚዋ ሄደች። ሴትዮዋ ወንበሩን ጠርገው አስቀመጧት፣ ሻይ አፈሉላት። እሷም እንደ ልማዷ ለስለስ አድርጋ ጀመረች።

«እማማ፣ እዚያ እኮ ነርስ አለ፣ ደረጃ የለም፣ ልጅዎም ሐሳቡ ያርፍለታል። ለእርስዎው ብለን ነው።»

ሴትዮዋ ክር እየጠቀለሉ አዳመጡ። «እሺ ልጄ» አሉ። ሰኞ መኪና ይመጣል ስትላቸውም «እሺ፣ ኑሪልኝ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው መጣ። ልጅየው፣ ሹፌሩና እሷ ተከታትለው ደረጃውን ወጡ። ሴትዮዋ ስፌታቸው ላይ ናቸው። ከቤቱ አንዲት ዕቃ አልተነካችም።

«እማማ፣ አልተዘጋጁም እንዴ?»

«ለምኑ?»

«ለመሄዱ ነዋ። እሺ ብለውኝ አልነበር?»

ሴትዮዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «እሺ አልኩሽ እንጂ እሄዳለሁ መች አልኩሽ? ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተሽ፣ እንዲያ በትሕትና አናግረሽኝ፣ እምቢ ብዬ ላሳፍርሽ?»

ሹፌሩ ሳቁን ዋጠ። እሷ ኩምሽሽ አለች። ለአለቃዋ፣ ለአማቷ በየቀኑ የምትለው እሺ ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ ነገሩ ይለፍ ማለት ነው። እሺ ፈቃድ የሚሆነው ሥራዋ ላይ ብቻ ነው። ይህ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳልታያት እንጃላት።

የልጅየው ትዕግሥት ግን አልቋል። «እህቴ፣ እሺ ብላለች፣ ለቢሮም ተነግሯል። በቃ ዕቃውን እናንሳው፤ ስትደርስ ትለምደዋለች» አለና የስፌት መኪናውን ሊከድን ጎንበስ አለ። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናቴ ወደቀች ብሎ የሚደነግጥ ሰው ነው። ያም ሆኖ እጁ ያረፈው የሰው ዕቃ ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ ቆይ እስቲ» አለችው። ወንበር ስባ ከሴትዮዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ድምፅ ማጣፈጡን ትታዋለች። «እማማ፣ መሄድ ግዴታ አይደለም። እምቢ ቢሉ የሚመጣብዎት ነገር የለም፤ እኔም አላፍርም። መሄድ ይፈልጋሉ ወይስ መቅረት?»

«እምቢ ማለት ይቻላል እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ። የእውነት ገርሟቸዋል። «ያን ዕለት እንዲህ ብለሽ መች ጠየቅሽኝ? ይሄዳሉ ነው እኮ ያልሽኝ።»

«አሁን ጠየቅኩዎት።»

ሴትዮዋ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ፣ መልሰው መሬት መሬት አዩ። «እንግዲያው አልሄድም» አሉ፤ ጥፋት እንደሠራ ሰው ቀስ ብለው።

«ብትወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» ብሏት ልጅየው ወረደ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። አለቃዋም ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ። ደረጃው ላይ የእጅ መደገፊያ ይሠራላቸው ብትለው «እሺ» አላት፤ እሷም እሺን አሁን ስለምታውቃት ብረት ሠሪውን ራሷ ፈልጋ አመጣች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅላት ደግ ነበር፤ አላስችል አላት። በማግስቱ ወደ መጦሪያው ሄደች፤ ባለፈው ዓመት እሷው አግባብታ ያስገባቻቸው ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ እዚያ አሉ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ያኔ እሺ ያሉኝ ወደው ነበር?»

ሽማግሌው መልሰው ጠየቋት። «ቤቴ ሰው ገብቶበታል አይደል?»

«ገብቶበታል።»

«ታዲያ አሁን ምን ልበልሽ?»

ይቅርታ ልትል አፏን ከፍታ፣ ይቅርታዋ የት እንደሚያስገባቸው ስላላወቀች መልሳ ዘጋችው።

«ከጠየቅሽኝ አይቀር» አሉ ሽማግሌው፣ «ያንን መስኮት ክፈቺልኝ። እነዚህ ልጆች ይበርድዎታል እያሉ ይዘጉብኛል። እኔ እኮ አይበርደኝም።»

ተነሥታ ከፈተችው። ወዲያው አንዲት ነርስ ገብታ ልትዘጋው እጇን ስትዘረጋ «መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለቻት።