ከትንሹ ቁጥር

ያሰሩኝ ክፍል የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ዩሪያው ከወጣ ቢቆይም ሽታው አልወጣም፤ ገና ስገባ ዓይኔን አቃጠለው። የደብረ ታቦር ክረምት ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሲሚንቶው እርጥብ ነው። ከማስተምርበት አዳራሽ በቀጥታ ይዘው ስለወሰዱኝ ጣቶቼ ላይ የሰሌዳ ማርከር ቀለም ነበር።

ጥፋቴን አውቀዋለሁ። ከመሬት በታች ያለ ጋዝና ነዳጅ እንዴት እንደሚገመት፣ ጉድጓዱም በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚሰጥ እንዴት እንደሚተነበይ ለወጣት መሐንዲሶች አስተምር ነበር። በክፍላችን አንድ ደንብ ነበረን። ሦስት ቁጥር እንናገራለን፤ ትንሹ የምንምልበት፣ መካከለኛው የምንገምተው፣ ትልቁ የምንመኘው። ተናጋሪው ሁልጊዜ ከትንሹ ይጀምራል፤ ሰው መጀመሪያ የሰማውን ይዞ ይሄዳልና። ታዲያ አንድ ባለሥልጣን በሩቅ ቆላ ስለተቆፈረ የጋዝ ጉድጓድ ትልቁን ቁጥር ብቻ ለሕዝብ ተናገረ። እኔም ክፍል ውስጥ «ይህ ምኞት ነው» አልኩ፤ ወሬው ሹማምንቱ ጆሮ ደረሰ። የጉድጓዱን ሦስት ቁጥሮች ያሰላችውን ሠልጣኜንም አብረው ያዟት፤ የሐሙሲት ከተማ ልጅ ናት።

የመርማሪው ጥያቄ አጭር ነበር። ካሜራ ፊት ቆሜ ትልቁን ቁጥር «የተረጋገጠ ነው» ካልኩ ሁለታችንም ቤታችን እንገባለን።

«እንቢ ካልኩስ?»

«አንተም እሷም እዚሁ ትከርማላችሁ።»

እስር ክፍሉ ውስጥ ከጋፋት በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ ልጃቸው ቢታጣ በእሱ ፈንታ የታሰሩ። ነገሩን ሳጫውታቸው ተቆጡ።

«ንገራቸውና ውጣ እንጅ! ጋዙ እንደሁ አይሰማህ!»

«ውሸት ነው እኮ አባቴ። ሰው አምኖት ነገ ፋብሪካ ይተክልበታል።»

«ይትከላ! ልጅቱስ? የሰው ልጅ አሳስረህ ነው የምትኮራው?»

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ጧት ስጠራ ሠልጣኜን ካሜራው ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። ነጠላዋን ተከናንባለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። መርማሪው ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። «መምህሩ ካልደፈረ ያሰላችው ትናገር» አለና እኔን ከካሜራው ኋላ አቆመኝ።

ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፈራሁላት። ለእኔ ግትርነት እሷ ልትከፍል ነው። ቅንድቤን ከፍ አድርጌ «እሺ በያቸው» የሚል ምልክት ሰጠኋት። በይና ሂጂ፣ እናትሽ ዘንድ ግቢ።

ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መጀመሪያ የምንምልበትን ልናገር» አለች፤ ትንሹን ቁጥር ተናገረች።

«ትልቁን!» መርማሪው ጮኸባት።

«እደርስበታለሁ ጌታዬ። እሱ የምንመኘው ነው።»

ካሜራውን አጠፉት። ክንዷን ይዘው አወጧት። ተናደድኩባት፤ ኮራሁባትም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቀውም።

«ና፣ ተቀመጥ» አለኝ መርማሪው። «አንተ እንኳ ሰው ሁን።»

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና ይሞቃል። ካሜራው ሲበራ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልኩና ከትንሹ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ እኔን ቀድመው ፈቱኝ፤ እሷ ክረምቱን እዚያው ጨረሰች። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሐሙሲት ሄጄ እናቷ ደጅ ብቆም «ግባ» አላሉኝም። ዝናቡ እየወረደብኝ በሩን መለሱት። አልፈረድኩባቸውም።

ዛሬ እሷ ራሷ አሠልጣኝ ናት። ሰሞኑን ክፍሏ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ሠልጣኝ «አለቃ ትልቁን ብቻ በሉ ቢለንስ?» ብሎ ጠየቃት። ወደ እኔ አልዞረችም። «ያኔ እያንዳንድሽ የራስሽን ትመልሻለሽ» ብላ ሁሉንም አሳቀችና ወደ ሰሌዳው ተመለሰች።

ያን ጧት ምልክቴን አይታው እንደሁ ጠይቄያት አላውቅም። ማየቷን ግን አውቃለሁ። ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ አሁንም እሺ በያቸው እላታለሁ። አሁንም አትሰማኝም።