አባቴ አሜሪካኖችን ያስቀመጡ ዕለት

አባቴ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ለብዙ ዓመታት ግትር አባት ሆነው ተውነዋል። ሙዚቃዊ ተውኔት ነበር፤ ግማሹ ዘፈን፣ ግማሹ ክርክር። ሽማግሌዎች የአባትየውን ሴት ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ እሳቸው ይመልሷቸዋል። እንደገና ይመጣሉ፣ እንደገና ይመልሷቸዋል። በሦስተኛው ልጅቷ ራሷ ተነስታ ትዘፍንና ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ሰው ግን አንዴ አይቶት አይጠግበውም ነበር። እሑድ ከሰዓት ወረፋው ከአዳራሹ በር ተነስቶ አስፋልቱ ድረስ ይዘረጋ ነበር። ቤት ውስጥ አባቴ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ግትሯ እኔ ነኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እናቴ ስትሞት አባቴን ወደ እኔ አስመጣኋቸው። የምኖረው አሜሪካ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርትመንት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቀን ቀን አናንዴል አንድ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ። እሳቸው ብቻቸውን ይውላሉ። ሁለት ወር እንደቆዩ ቁርጡን ነገሩኝ።

"እዚህ ሥራዬ መስኮት ላይ ቆሞ የሰው መኪና መቁጠር ሆነ። ሥራ ካላገኘሁ ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ።"

ሥራ ሲሉ ቲያትር ማለታቸው ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቁም። እኔ ደግሞ እንዲሄዱብኝ አልፈለግኩም። እናቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ። የአባቴንም መርዶ በስልክ እንዳልሰማ እፈራ ነበር። ይህን ግን አፍ አውጥቼ አልነገርኳቸውም።

መፍትሔው የመጣው ከጥርስ ሐኪሙ ወንበር ነው። እዚያው አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት ኃላፊ ደንበኛችን ነበረች። አንድ ቀን ማደንዘዣው እስኪለቃት ጉንጯን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። መልስ መስጠት የማትችል ሰው አገኘሁ ብዬ ስለ አባቴ ተውኔት ከአልፋ እስከ ኦሜጋ አወራሁላት። በሳምንቱ ስልክ ደወለች። በየካቲት አንድ እሑድ ከሰዓት አዳራሹን ልትሰጠን ተስማማች። የሚመጡት የቲያትር ቤቱ ቋሚ ተመልካቾች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች፣ ሁሉም ማለት ይቻላል አሜሪካኖች።

"ከእረፍቱ በኋላ ተመልሰው ከተቀመጡ፣ በፀደይ አራት ቅዳሜና እሑድ ትጫወታላችሁ" አለችኝ። "ኮታቸውን ይዘው ከወጡ ግን ምንም ላደርግ አልችልም።"

ልምምዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ሙሽራዋን የምትጫወተው ልጅ ሮክቪል ውስጥ ነርስ ናት፤ የሆስፒታል ልብሷን ሳትቀይር ትመጣለች። ክራር የሚመታው ደግሞ ፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠራ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ስለ ቲያትር ቤቱ ስነግረው ሳቀብኝ።

"ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፣ አሉ። አዲስ አበባን ያስጨበጨበ ሁሉ እዚህ ያስጨበጭባል ብለሽ ነው? እነዚህ ሰዎች እኮ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። ዝም ብለን እስክስታውን እናሳያቸውና እንገላገል።"

ሰድቤው ሄድኩ። ቤቴ ስደርስ ግን መቀስ አነሳሁ፤ ፍርሃቱ የእኔም ነበር። የሦስት ሰዓቱን ተውኔት ከሁለት ሰዓት በታች አወረድኩት። በየትዕይንቱ መሃል እኔ መድረኩ ጥግ ትንሽ መብራት ይዤ ቆሜ ታሪኩን በእንግሊዝኛ እንድናገር አደረግኩ። አባቴ ሁሉንም በትዕግሥት ተቀበሉ። አንድ ቦታ ብቻ እንቢ አሉ።

ሦስተኛዎቹ ሽማግሌዎች ጥያቄያቸውን አቅርበው ሲጨርሱ አባትየው መልስ ሳይሰጡ ዝም የሚሉበት ቦታ አለ። አዲስ አበባ ይህ ዝምታ የሕዝቡ ነበር። አዳራሹ በሙሉ "እሺ በላቸው!" "ኧረ ይበቃዎታል!" "ልጅቷን አያስረጇት!" እያለ ይጮሃል። አባቴ ጩኸቱ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ያንን ዝምታ ቁረጡት አልኳቸው።

"አባባ፣ አሜሪካኖች ቲያትር ላይ አይጮሁም። ባዶ ሆኖ ነው የሚቀረው።"

"ይቅራ። የእነሱን ቦታ ዘግቼ ለማን ልጫወት ነው?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኳቸው። ይልቅ ሥርዓቱን አስጠናኋቸው። አሜሪካኖች ዝም ብለው ያያሉ፣ ዝም ሲሉ ጠሉን ማለት አይደለም። መጨረሻ ላይ ያጨበጭባሉ፤ ያኔ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት፣ ከዚያ መውጣት። ይህን ደጋግሜ አስለማመድኳቸው። ብድግ ብለው እንደሚያጨበጭቡም አውቅ ነበር። ለእኛ ይነሳሉ ብዬ ግን በሕልሜም ስላላሰብኩ ስለመነሳት ምንም አልነገርኳቸውም።

እሑዱ ደረሰ። አዳራሹ ከሞላ ጎደል ሞልቷል፤ ነጭ ፀጉር በነጭ ፀጉር ሆኖ ነበር። ኋላ ሁለት ረድፍ ላይ የእኛ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እነሱም የፈረንጅ ቤት ነው ብለው እንደ ታቦት ፊት አደብ ገዝተዋል። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ፣ ሳል እንኳን አልተሰማም። በእረፍቱ አባቴ ከመጋረጃው ኋላ ያዙኝ።

"ልጄ፣ በሕይወት አሉ?"

"አሉ አባባ። እንደዚህ ነው የሚያዩት።"

ወደ በሩ ሄጄ ቆምኩ። አሥራ አንድ ሰው ኮቱን ለብሶ ወጣ። የቲያትር ቤቱ ኃላፊም በሌላኛው በር ቆማ ስትቆጥር አየኋት። አሥራ አንድ ሰው ብዙ ይሁን ጥቂት ከፊቷ ላነብ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። የቀሩት ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተናግረው ጨረሱ፤ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ማንም ምንም አላለም። አባቴ ግን አልቸኮሉም፤ አዲስ አበባ የሚጠብቁትን ያህል ጠበቁ። አንድ ሰው የከረሜላ ወረቀት ሲፈታ ሰማሁ። እኔ በመብራቴ ሥር ሆኜ "ቁረጡት ብዬ ነበር" እያልኩ በሆዴ ተቆጣኋቸው። በመጨረሻ ቀና ብለው ቀጠሉ።

ሙሽራዋ ዘፈነች፣ አባትየው ተሸነፉ፣ መብራቱ ጠፍቶ በራ። ጭብጨባ ጀመረ፤ ደህና ጭብጨባ። ተዋንያኑ እንዳስጠናኋቸው ተሰልፈው ጎንበስ ሊሉ ሲሉ፣ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ባለከዘራ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ከጎናቸው ያሉት ተከተሉ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ።

አባቴ አልጎነበሱም። እሳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ፣ ያውም ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ኖር ብሎ ሲነሳልህ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ደንግጠው ወደ መድረኩ ጫፍ ሮጡ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ወደ ታች እየተጫኑ፦

"ኧረ በእግዜር! በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!"

ጭብጨባው ተንጠባጠበና ቆመ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ባለከዘራው፣ ቀጥሎ ሁሉም። ክራር መቺው ጓደኛዬ ጎንበስ እንዳለ ቀርቶ በብብቱ ሥር አየኝ። ኃላፊዋ ከበሩ ጋ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። አለቀልን አልኩ፤ አሜሪካን አገር ሊያከብረን ብድግ ያለውን ሕዝብ አስቀመጥነው።

አሁን ሁሉም ተቀምጠው ያያሉ። አባቴም ገባቸው፤ ሰውን ተቀመጥ ብሎ ጥሎት መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረጉ። እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ።

"በሰላም ወጥታችሁ መጥታችኋል፣ በሰላም ያግባችሁ!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ንገሪያቸው።"

በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ከኋላ ረድፍ የእኛ ሰዎች ብቻ አሜን አሉ። አባቴ ጆሯቸውን ወደ ሌሎቹ አዘነበሉ፤ የቀረ ነገር ነበረ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ነበሩ። እሳቸው በቤተ ክርስቲያን ድምፅ "ኤሜን!" አሉ።

"ተባረኪ!" አሏቸው አባቴ። "ልጆቻችሁ ይጡሯችሁ!"

ይህኛውን ለመተርጎም ቃል ፈለግኩ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ እንደ አባቴ ሙሉ ቀን መስኮት ላይ የሚቆሙ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ልጆቻችሁ ከአጠገባችሁ አይራቁ አልኩ፣ በተቻለኝ። ያኔ የመጣው አሜን ከሁሉም ረድፍ ነበር። ያ ባለከዘራ ሽማግሌ ደግመው ለብቻቸው ሲሉት ሰማሁ።

"መንገዱን ያቅናላችሁ! መኪናችሁን አውራ ጎዳና ላይ አያስቁምባችሁ!"

ሳቅና አሜን አንድ ላይ ፈነዳ። እኔ እያለቀስኩም እየሳቅኩም ነበር።

ኃላፊዋ ከመድረክ ኋላ መጣች። "ያ የተውኔቱ ክፍል ነው?" አለችኝ። አይደለም አልኳት፤ ልዋሽ አስቤ ነበር። "ከአሁን በኋላ ነው" አለች። "አራቱን ሳምንት ወስዳችሁታል። ብቻ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ።"

ለአባቴ ስነግራቸው ተቆጡ። "ምርቃት ልምምድ የለውም። ከተነሱልኝ እመርቃለሁ፣ ካልተነሱ ምን ቤት ነኝ?" ፋሲካ ደረሰ፤ ዶሮውን በላንና ስለ መሄዳቸው ጠየቅኳቸው። "እስከ አራተኛው ሳምንት እንየው" ብቻ አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ጀመርን። በመጀመሪያው ሳምንት ተነሱ፣ አስቀመጧቸው፣ መረቁ። በሁለተኛውና በሦስተኛውም እንደዚያው። እኔ ግን በየጊዜው መብራቴ ሥር ሆኜ የሰዉን ጉልበት እጠብቃለሁ። የተነሱ ቀን አባቴ መኪና ውስጥ እያንጎራጎሩ ነው የሚመለሱት። እነዚያ ሰዎች አንድ ቀን ሳይነሱ ቢቀሩ፣ ሰባተኛው ፎቅ ባዶ እንደሚቀር ይሰማኝ ነበር።

የመጨረሻው እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ባለባርኔጣዋ እናት እህቶቻቸውን አስከትለው መጥተዋል። ባለከዘራው የሚቀመጡባትን ወንበር የእኔ ብለው ይዘዋል። ገና ሳይጀመር ወሬው ደርቷል። ክራሩ ሲነሳ የሚያጨበጭቡ፣ ሙሽራዋ ስትገባ ለጎረቤታቸው "አሁን ጉድ ታያለህ" የሚሉ ነበሩ።

ተውኔቱ አለቀ። አጨበጨቡ፣ አፏጩ፣ ስቀው እጃቸውን አወዛወዙ። ማንም ግን አልተነሳም።

ጠበቅኩ። አባቴም ጠበቁ። አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩአቸው፤ ከዚያ በየካቲት እንዳስጠናኋቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ወጡ።  መብራቴን ሳላጠፋ ተከተልኳቸው። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ፊታቸውን በፎጣ ይጠርጋሉ።

"አባባ" አልኩ፣ ቃላት እየተጣደፉብኝ፣ "ወደውታል እኮ። ከመጀመሪያውም የበለጠ ነው የወደዱት። ደግመው ያዩት ስለሆነ ነው እንጂ..."

ፎጣውን ዝቅ አድርገው በመገረም አዩኝ።

"ምን ሆነሽ ነው? አለመነሳታቸው ነው እንዲህ ያስደነገጠሽ?" አሉ። "ለእንግዳ ነው እንጂ ለቤተኛ ማን ይነሳል፣ ልጄ?"

 ፎጣውን አቀበሉኝና ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።

"ይልቅ ለመጪው ዓመት የትኛውን እናምጣላቸው?"

ፎጣውን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።